የቆሮሶ ቆዳ ለቃጠሎ ቁስል

ቆሮሶ ሲበለት ሥጋው ወደ መጥበሻ ይሄዳል፤ ቆዳው፣ ቅርፊቱና ሆድ ዕቃው ይጣላል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው ትርፍራፊውን አባ ኮዳዎች ሲሻሙበት አይቷል። ይኸው ዓሣ፣ ዓለም የናይል ቲላፒያ የሚለው፣ ከአፍሪካ ተወስዶ ዛሬ ብራዚል ውስጥ በስፋት ይረባል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኘው ፎርታሌዛ ከተማ ደግሞ ሐኪሞች ቆዳውን የቃጠሎ ቁስል መሸፈኛ አድርገውታል።

በብራዚል የመንግሥት ሆስፒታሎች የተለመደው ሕክምና ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለውን ቅባት ቀብቶ በጎዝ መሸፈን ነው። ቅባቱ እየታጠበ መቀየር አለበት፤ ጎዙ በተነሣ ቁጥር ገና የበቀለው ስስ ቆዳ አብሮ ሊላጥ ይችላል። ለታማሚው ከቃጠሎው ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ስቃይ ይህ ነው። ሀብታም አገሮች ከሟች ለጋሾች የተወሰደ የሰው ቆዳ ወይም የተዘጋጀ የአሳማ ቆዳ ይጠቀማሉ። ብራዚል ግን ያሏት የቆዳ ባንኮች ጥቂት ናቸው።

የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሙ ኤድማር ማሲኤልና የሴአራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደሚጣለው ቆዳ ያዞሩት ለዚህ ነው። የቆሮሶ ቆዳ የእኛንም ቆዳ አጠንክሮ የያዘው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በብዛት አለው፤ በቀላሉ አይቀደድም፣ እርጥበትም ይይዛል። ቁስሉ ላይ ሲደረግ ይጣበቃል፤ ፈሳሽ እንዳይባክን፣ ጀርም እንዳይገባ ይጋርዳል። ቃጠሎው በጣም ካልጠለቀ ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሳይነሣ ይቆይና ደርቆ ይላቀቃል። ከቅባቱ ጋር በተነጻጸረባቸው የክሊኒክ ሙከራዎች ቁስሉ ቀደም ብሎ ድኗል፤ ሕመሙም ፋሻ መቀያየሩም ቀንሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት። ከገበያ የመጣ ጥሬ ቆዳ መድኃኒት አይደለም፤ ቁስል ላይ ቢደረግ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ፎርታሌዛ ላይ ቆዳው ከቅርፊትና ከሥጋ ይጸዳል፣ በጀርም ማጥፊያ ይታጠባል፣ መጠኑ እየጨመረ በሚሄድ ግሊሰሮል ይዘፈዘፋል፣ ታሽጎም በጋማ ጨረር ይመታል። ሽታውም የሚጠፋው በዚህ ሂደት ነው። ቤት ውስጥ የተቃጠለ ሰው የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ የጥርስ ሳሙናም ዱቄትም አይቀባ።

በዓሣ ቆዳ የምትጠቀመው ብራዚል ብቻ አይደለችም፤ አይስላንድ ውስጥም ኬሬሲስ የተባለ ኩባንያ ከኮድ ዓሣ ቆዳ በቀላሉ ለማይድን ቁስል መሸፈኛ ይሠራል። በ2023 እ.ኤ.አ. የዴንማርኩ ኮሎፕላስት እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ገዝቶታል። ዓሣ አጥማጆች ሲጥሉት ለኖሩት ነገር ይህ ከባድ ገንዘብ ነው።

ከዓሣ ከሚገኙ የሕክምና ግብዓቶች ሁሉ ግን ሳናውቀው ቤታችን የገባው ከሳልሞን የሚገኘው ፕሮታሚን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሳይንቲስቱ ፍሪድሪክ ሚሸር በ1874 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ውስጥ ከወንዴ ሳልሞን የዘር ፈሳሽ አወጣው። በ1936 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን ፕሮታሚን ከኢንሱሊን ጋር ሲቀላቀል መድኃኒቱ ወደ ደም ቀስ ብሎ እንደሚገባ አሳየ። በአገራችንም በርካታ የስኳር ሕሙማን የሚወጉት ደመናማ መልክ ያለው ኤንፒኤች ኢንሱሊን ይህን ፕሮቲን ይዟል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላም ሄፓሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለማርከስ ሐኪሞች የሚሰጡት ይኸው ፕሮታሚን ነው። ፕሮታሚን ከዓሣ የሚገኝ ስለሆነ፣ ዓሣ ሲበላ ሰውነቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሹ የሚያጥር ሰው ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ይህን ለሐኪሙ ይንገር።