ዓሣው በባሕር ይቀራል፣ ታሪኩ ወደብ ይገባል

በኬንያ ጠረፍ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ ዋታሙና ማሊንዲ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታም ከተሞች አሉ። ከጥልቁ ባሕር የሚመለሱ የዓሣ ጀልባዎች ትናንሽ ባንዲራዎች ሰቅለው ይገባሉ። በየባንዲራው ላይ የዓሣ ሥዕል አለ። ዳር ላይ የቆመ ሰው ጀልባው መልህቅ ሳይጥል ምን እንዳገኘ፣ ዓሣው ተጭኖ ይምጣ ወይም መለያ ተደርጎበት ይለቀቅ፣ ከሩቅ ያውቃል። የጉዞው ትዝታ መነገር የሚጀምረው ማንም አፉን ሳይከፍት ነው።

ይህ ጽሑፍ በሞቃት ባሕር ላይ ትልልቅ ዓሦችን በዘንግና በክር የማጥመድ ስፖርት እንዴት እንደሚካሄድ ያስረዳል። ከዚያም የሄደ ሰው ያየውን ለሌሎች እንዴት ቢያካፍል እንደሚበጅ ይናገራል። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ዛሬ ከሚያዙት ትልልቅ ዓሦች ብዙዎቹ ወደ ባሕር ስለሚመለሱ አጥማጁ ይዞት የሚገባው ታሪኩን ብቻ ነው። ያ ታሪክ ሙሉና እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ዓሣውን ለነገ ለማቆየት ይጠቅማል።

የትኞቹ ዓሦች፣ ለምን እዚያ

በዚህ ስፖርት ከሁሉ በላይ የሚፈለጉት የላይኛው መንጋጋቸው እንደ ጦር የረዘመ ዓሦች ናቸው። ጥቁሩ፣ ሰማያዊውና ባለመስመሩ ማርሊን፣ ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የሚዘረጋ ሰፊ ክንፍ ያለው ሴይልፊሽ፣ እንዲሁም ሰይፍ ዓሣ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ማርሊንና ሴይልፊሽ በጦራቸው ግራና ቀኝ እየመቱ ትናንሽ ዓሦችን ያደነዝዛሉ፣ ከዚያ ይውጣሉ። ሰይፍ ዓሣ ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ውሎ ሌሊት ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚጠመደው በአብዛኛው በጨለማ ነው። ከዓይኑ ጡንቻ የተለወጠ አካል ዓይኑንና አንጎሉን ስለሚያሞቅለት በቀዝቃዛው ጥልቀት ውስጥም ፈጥኖ ያያል። ከእነዚህ ሌላ ባለቢጫ ክንፉ ቱና፣ ዋሁና ዶራዶም ይያዛሉ። እነዚህኞቹ ብዙውን ጊዜ ለገበታ ናቸው።

የኬንያ ጠረፍ ለዚህ ስፖርት የታወቀው ጥልቁ ባሕር ከዳር ብዙ ስለማይርቅ ነው። ወቅቱን የሚወስኑት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ ከሚያዝያ ጀምሮ ባሕሩን ያናውጣል፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ ብዙ ጀልባዎች ወደብ ይውላሉ። ከኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ግን ለአጥማጆች ይመቻል። ቱና ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ይበዛል፣ ሴይልፊሽ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ማርሊን ደግሞ ከጥር እስከ መጋቢት። በማሊንዲና በዋታሙ ዳርቻ ያሉት የባሕር ፓርኮች እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለሉ ስለሆኑ ጀልባዎቹ ፓርኩን አልፈው ይወጣሉ እንጂ በውስጡ አያጠምዱም።

ከመስቀያው ፎቶ እስከ መልቀቅ

ስፖርቱ መልክ ይዞ የተደራጀው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ቻርልስ ፍሬድሪክ ሆልደር በካሊፎርኒያዋ የካታሊና ደሴት አጠገብ 183 ፓውንድ፣ ማለትም 83 ኪሎ ያህል የሚመዝን ቱና በዘንግ ያዘ፤ በዚያው ዓመትም የቱና ክበብ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር ደግሞ የክብረ ወሰን ደንብ አወጣ። ኬንያም ቀደም ብላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገብታለች። ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1934 በማሊንዲ አጥምዷል። በ1954 መጀመሪያ ላይ በኡጋንዳ ሁለት ጊዜ ከአውሮፕላን አደጋ ከተረፈ በኋላም ከሞምባሳ በስተደቡብ ወዳለችው ሺሞኒ ወርዷል።

በዚያ ዘመን የጉዞው ማስታወሻ ከወደብ መስቀያ ላይ ተንጠልጥሎ የተመዘነ ዓሣና ከጎኑ የቆመ ሰው ፎቶ ነበር። አልፍሬድ ግላሴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1953 በፔሩ ካቦ ብላንኮ የያዘው ጥቁር ማርሊን 1,560 ፓውንድ ወይም 707 ኪሎ ተመዝኖ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። ያን ያህል ግዙፍ የሚሆኑት ማርሊኖች ሴቶች ናቸው። መስቀያው ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ዓሣ እንቁላል ጣይዋ መሆኗ አጥማጆችን ማሳሰቡ አልቀረም። አብዛኞቹ ቀስ በቀስ ወደ መልቀቅ የዞሩትም ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው።

አንድ ቀን በባሕር ላይ

ጀልባው የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ነው። ማዕበል የማይስማማው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት መውሰድ አለበት፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን እምብዛም አይረዳም።

ካፒቴኑ ባሕሩን እያነበበ ይነዳል። ማሊንዲ አጠገብ የሳባኪ ወንዝ ደለል ያመጣና ውኃውን ያደፈርሰዋል። ድፍርሱ አብቅቶ ጥርት ያለው ሰማያዊ የሚጀምርበት መስመር ጥሩ ቦታ ነው፣ ትናንሾቹ ዓሦች እዚያ ይሰበሰባሉና። ወፎች አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከሩ ከተወረወሩ ከሥራቸው የሚሸሽ የዓሣ መንጋ፣ ከመንጋው ሥር ደግሞ የሚያሳድደው አዳኝ አለ። ተንሳፋፊ ግንድ ከታየ ዶራዶ በጥላው ሊኖር ይችላል።

ከጀልባው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ከሚዘረጉት ረጃጅም ዘንጎች ላይ ክሮቹ ይለቀቃሉ። በየክሩ ጫፍ ሰው ሠራሽ ማታለያ ወይም እውነተኛ ትንሽ ዓሣ ይታሰራል። ማታለያ ሲጎተት ፍጥነቱ ከ7 እስከ 9 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ13 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በእውነተኛ ዓሣ ሲሆን ይቀንሳል። የካፒቴኑ ረዳቶች ዓይናቸውን ከኋላው አረፋ አይነቅሉም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ፀሐይ ይበረታል፣ ሞተሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፣ ሰዓታት ያልፋሉ። ምንም ሳይነካ የሚመለስ ጀልባ ብዙ ነው።

ማርሊን ከመጣ አስቀድሞ የሚታየው ማታለያውን እየተከተለ ውኃውን የሚሰነጥቀው ጦሩ ወይም ክንፉ ነው። ለማጥቃት ሲነሣ ቆዳው ይለወጣል፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም በሰውነቱ ላይ ይበራል። ክሩ ከተያዘ በኋላ ማጠንጠኛው እየጮኸ በመቶ የሚቆጠር ሜትር ክር በአጭር ጊዜ ይወጣል። ረዳቶቹ ሌሎቹን ክሮች በጥድፊያ ይሰበስባሉ። አጥማጁ ከወለሉ ጋር በጥብቅ በታሰረው ዟሪ ወንበር ላይ ይቀመጥና መታጠቂያውን ያደርጋል። የማጠንጠኛው ፍሬን ብዙ ጊዜ የሚስተካከለው ክሩ ሊሸከም ከሚችለው ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ላይ ነው፤ ከዚያ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል፣ ከላላ ደግሞ ትግሉ ይራዘማል። ዓሣው ሲዘልል ሰውነቱ በሙሉ ከውኃ ወጥቶ ይታያል። ሰዎች ዕድሜ ልክ የሚያወሩት ይህን ቅጽበት ነው።

ያጠመደው ማን ነው?

በዓለም አቀፉ ማኅበር ደንብ መሠረት ዓሣው ከተያዘ ጀምሮ ዘንጉን፣ ማጠንጠኛውን ወይም ክሩን ሌላ ሰው ከነካ ለክብረ ወሰን አይቆጠርም። ረዳቱ መንካት የሚፈቀድለት ከመንጠቆው በላይ ያለው ወፍራም ክር ሲደርስ ብቻ ነው። በደንቡ ዓይን አጥማጁ አንድ ሰው ነው።

ሥራው ግን የአንድ ሰው አይደለም። ቦታውን ያገኘው፣ ዓሣው አቅጣጫ ሲለውጥ ጀልባውን ወደ ኋላ እየነዳ ክሩን ያተረፈው ካፒቴኑ ነው። በመጨረሻው ደቂቃ በጓንት በተሸፈነ እጁ ወፍራሙን ክር ጨብጦ ከማርሊን ጋር ፊት ለፊት የሚታገለው ረዳት ከሁሉ የሚበልጠውን አደጋ ይሸከማል። በኬንያ ጠረፍ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ባሕሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። ጎብኚው «እኔ ያዝሁት» ብሎ ሲተርክ እነርሱን ከዘለለ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። ትዝታ የሚያካፍል ሰው ስማቸውንና የሠሩትን ቢናገር የሚገባቸውን ክብር ይሰጣቸዋል፤ የሚቀጥለው እንግዳም ማንን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።

በሕይወት መልቀቅ

መልቀቅ ማለት ክሩን ቆርጦ መተው ብቻ አይደለም። ለረጅም ሰዓት የታገለ ዓሣ ጡንቻው ውስጥ በተጠራቀመ አሲድ ተዳክሞ ከተለቀቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለዓሣው የሚመጥን ጠንካራ ክር ተጠቅሞ ትግሉን ማሳጠር የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ መንጠቆ ከሆድ ይልቅ የአፍን ጥግ ስለሚይዝ ጉዳቱን ይቀንሳል። ዓሣውን ለፎቶ ወደ ጀልባ ማውጣት ግን መወገድ አለበት፤ ውኃ ሲሸከመው የኖረ ከባድ ሰውነት በወለል ላይ ሲጎተት ውስጡ ይጎዳል፣ ትንፋሹም ይቋረጣል። ፎቶው ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይነሣ። ከዚያ ጦሩ ተይዞ ጀልባው በዝግታ እየሄደ ውኃ በስንጥቡ እንዲያልፍ ይደረጋል። ዓሣው በራሱ ኃይል ሲንቀሳቀስ ይለቀቃል።

ብዙ ካፒቴኖች ከመልቀቃቸው በፊት ቁጥር ያለበት ትንሽ መለያ ከጀርባው ጡንቻ ላይ ይተክላሉ። በአትላንቲክ ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1954 የጀመረው ፍራንክ ማተር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ መቀመጫውን ዋታሙ ያደረገ የባለጦር ዓሦች ድርጅት ያስተባብረዋል። በዚህ ዘዴ በአሜሪካ ደላዌር ጠረፍ መለያ የተተከለበት ሰማያዊ ማርሊን በህንድ ውቅያኖስ በሞሪሺየስ አጠገብ ተይዟል፤ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 15,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ሊታወቅ የቻለው አንድ አጥማጅ ቀኑንና ቦታውን በካርድ ላይ ስለጻፈ፣ ሌላው ደግሞ ያገኘውን መለያ ስለመለሰ ነው።

ትዝታውን እንዴት እንያዝ

ትዝታ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ዓሣው እያደገ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። መፍትሔው እዚያው ጀልባው ላይ መጻፍ ነው። ቀንና ሰዓት፣ ጂፒኤስ የሚያሳየው ቦታ፣ የዓሣው ዓይነት፣ የተያዘበት ማታለያ፣ ትግሉ የወሰደው ጊዜ፣ ዓሣው ሲለቀቅ የነበረው ሁኔታ ይመዝገብ። ርዝመቱ ከታችኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጅራቱ መገንጠያ ይለካል። የወገቡ ዙሪያ ከተለካ ደግሞ ክብደቱን ሳይሰቅሉ መገመት ይቻላል፤ ርዝመቱ በዙሪያው፣ እንደገና በዙሪያው ተባዝቶ ለ800 ይካፈላል። ልኬቱ በኢንች፣ ውጤቱ በፓውንድ ነው። ርዝመቱ 100፣ ዙሪያው 40 ኢንች የሆነ ዓሣ 200 ፓውንድ፣ ማለትም 90 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

ባዶውም ቀን ይመዝገብ። የዓሣ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት በስንት ሰዓት ልፋት ስንት ዓሣ እንደተገኘ ነው። መልካሙን ቀን ብቻ የሚናገር ሰው ሳያውቀው ባሕሩ ከእውነቱ ይልቅ የተሞላ እንዲመስል ያደርጋል። ለአድማጭም ቢሆን የሰዓታቱ ዝምታ ካልተነገረው የዝላዩ ቅጽበት ለምን ልብ እንደሚያስደነግጥ አይገባውም።

ለገበታ የተወሰደም ካለ በግልጽ ይነገር። በኬንያ ጠረፍ በጢስ የተዘጋጀ ሴይልፊሽ የታወቀ ምግብ ነው፤ ቱናና ዋሁም ይበላሉ። የሚያሳፍረው መብላት ሳይሆን ለፎቶ ብቻ ገድሎ መጣል ነው።

ይህ ልማድ ባሕር ለሌለንም ይሠራል። ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች የሚያጠምድ ሰው ቀኑን፣ ርዝመቱንና የለፋበትን ሰዓት ቢጽፍ ከዓመታት በኋላ ሐይቁ ምን ያህል እንደተለወጠ በማስረጃ መናገር ይችላል።

የህንድ ውቅያኖስ ዓሦችን ሁኔታ የሚከታተለው በይነ መንግሥታዊ ኮሚሽን ባለመስመሩ ማርሊን ከሚተካው በላይ እየተጠመደ መሆኑን አስታውቋል። ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስዱት የንግድ መረቦችና በብዙ መንጠቆ የታሰሩ ረጃጅም ገመዶች ናቸው። ስፖርተኛው የሚይዘው ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ዓሣውን በሕይወት አይቶ፣ ለክቶና ለቅቆ የመመስከር ዕድል ያለው ግን እርሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ ጉዞ የሚመለስ ሰው ማስታወሻውን ይዞ ይምጣ፣ የረዳቶቹን ስም ይጥራ፣ ዓሣው ተለቅቆ እንዴት እንደሄደ ይናገር፣ ምንም ያልተያዘበትንም ቀን አይደብቅ። ስለ ማርሊን የሚወስኑ ሰዎች ብዙዎቹ ማርሊን በሕይወቱ አይተው አያውቁም፤ ያየ ሰው የሚነግራቸው እውነት ያስፈልጋቸዋል።