ለሰውነትዎ የሚስማማው ስፖርት የትኛው ነው?

በአንድ ቤት ያደጉ ሦስት ወንድማማቾችን እናስብ። ታላቁ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ እጅና እግሩ ቶሎ የሚበርደው፣ ዛሬ የጀመረውን ነገ የሚተው ነው። መካከለኛው ደልደል ያለ ቁመና ያለው፣ ሙቀት የማይወድ፣ በጨዋታም ቢሆን መሸነፍን የማይሻ ነው። ታናሹ ደግሞ ደንዳና፣ እርጋታ ያለው፣ እንቅልፍ የሚወድ፣ ክብደቱ በቀላሉ የሚጨምር ነው። አባታቸው ሦስቱንም ማለዳ ቀስቅሶ እኩል ርቀት ቢያስሮጣቸው እኩል ይጠቀማሉን? አይጠቀሙም ብለው ከመለሱት መካከል የጥንቷ ህንድ ሐኪሞች ይገኙበታል።

የእነዚህ ሐኪሞች ጥበብ አዩርቬዳ ይባላል። ቃሉ በሳንስክሪት ቋንቋ የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው። በቻራካና በሱሽሩታ ስም የሚታወቁት ዋና ዋና መጻሕፍቱ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሲሆን በአባሲዶች ዘመን ወደ ዐረብኛ ተተርጉመዋል። ዐሊ ኢብን ሰህል አጥ-ጠበሪ የተባለው ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ ባጠናቀቀው «ፊርደውስ አል-ሒክማ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ለህንድ ሕክምና ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቶታል። ስለዚህ ጉዳዩ ለሙስሊም ሐኪሞች እንግዳ አልነበረም።

እንደ አዩርቬዳ አባባል የሰው ተፈጥሮ በሦስት ኃይሎች ይመራል። ነፋስና ጠፈር የሚያይልበት ቫታ፣ እሳት የሚያይልበት ፒታ፣ ውሃና መሬት የሚያይልበት ደግሞ ካፋ ይባላል (ከከፋ አገር ጋር ዝምድና የለውም)። ሦስቱም በሁሉም ሰው ውስጥ አሉ፤ ልዩነቱ የትኛው እንደሚያመዝን ነው። ዋናው የሕክምና መርሕ ደግሞ ተመሳሳይ ነገር ተመሳሳዩን ያበዛል፣ ተቃራኒው ይቀንሰዋል የሚል ነው። እንግዲህ የስፖርት ምርጫው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሰው በባሕርይው የሚወደው እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አይደለም።

ታላቁ ወንድም ሩጫና ዝላይ ያምረዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል፣ ቶሎም ይሰለቻል። ለእርሱ የሚመከረው ረጋ ያለ የእግር ጉዞ፣ ሰውነትን የሚያፍታታ እንቅስቃሴና ቀስ ያለ ብስክሌት ነው፤ ያውም በየቀኑ በአንድ ሰዓት። ታናሹ በተቃራኒው ያለ ቀስቃሽ ከአልጋው አይነሳም። ሆኖም ሦስቱን ብናወዳድር ብርቱ ድካም የሚችለው እርሱ ነው። በመሆኑም ማለዳ ተነስቶ ሶምሶማ ቢሮጥ፣ ገመድ ቢዘል፣ ዳገት ቢወጣ መልካም ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበው መካከለኛው ነው። ለምን ቢባል ይህን ወጣት ስፖርት ሥራ ብሎ የሚገፋው አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የሚያቆመው ነው። በቀትር ፀሐይ ኳስ ይጫወታል፣ ጓደኛው አርባ ፑሽ አፕ ሲሠራ እርሱ ስልሳ ካልሠራ አይተኛም፣ ጉልበቱን ቢያመውም አይናገርም። አዩርቬዳ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዋናን፣ በማለዳ ወይም በምሽት ቀዝቃዛ አየር የሚደረግ ጉዞን፣ በአጠቃላይም ውጤት የማይቆጠርበትን ስፖርት ይመርጣል። በየሰፈሩ እየተጎዱ ከሜዳ የሚቀሩትን ወጣቶች ለሚያውቅ ሰው ይህ ምክር ብቻውን ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ሁሉንም የሚመለከት አንድ ልክም አለ። ሱሽሩታ ሰው ከአቅሙ ግማሹን ብቻ እንዲጠቀም ያዛል። ግማሽ መድረሱ የሚታወቀው ትንፋሹ በአፉ መውጣት ሲጀምር ነው፤ ግንባርና ብብትም ያልባሉ። ኢብን ሲናም (980 – 1037) «አል-ቃኑን» በተሰኘው ታላቅ መጽሐፉ ስፖርትን የገለጸው ትንፋሽን በማጥለቅና በማፋጠን ነው። የዛሬ ሐኪሞች ደግሞ መካከለኛ እንቅስቃሴ ማለት እየተናገሩ ሊሠሩት የሚቻል፣ ግን እየዘመሩ የማይቻል ነው ይላሉ። ሦስቱም ልኩን የፈለጉት በትንፋሽ ላይ መሆኑ ያስገርማል።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ሦስቱ ኃይሎች በዘመናዊ ሳይንስ የተረጋገጡ ናቸው ማለታችን አይደለም። ሁለት የአዩርቬዳ ባለሙያዎች እንኳ ስለ አንድ ሰው የተለያየ ፍርድ ሊሰጡ ይችላሉ። እኛ ክፍፍሉን የምንቀበለው ራስን ለማስተዋል እንደሚረዳ ምሳሌ እንጂ እንደ ምርመራ አይደለም። የስፖርቱን ምክር መውሰድም መድኃኒቱን መዋጥ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ዮጋን በተመለከተ ለሚጠይቁን ደግሞ፣ ዮጋና አዩርቬዳ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ ከላይ ያለውን ለመፈጸም ዮጋ ማወቅ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ይህ ለቀጭኑም ለወፍራሙም እኩል ነው። የተፈጥሮ ልዩነት የሚረዳን 150ውን ደቂቃ በምን እንደምንሞላው ለመምረጥ ነው። የስኳር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

የጥንቶቹ መጻሕፍት የተራበና የተጠማ ሰው ብርቱ ስፖርት እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ስለዚህ በረመዳን ከኢፍጧር በፊት ቀላል የእግር ጉዞ ይበቃል፤ ከባዱ ከኢፍጧር በኋላ ምግቡ ሲረጋ ይሁን።

በአንድ ነገር ግን አንከተላቸውም። ቫግባታ የተባለው ሌላው የአዩርቬዳ ሊቅ ሕፃናትና አረጋውያን ስፖርት እንዲተዉ ጽፏል። የዛሬው ዕውቀት ተቃራኒውን ያሳያል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆነ እናቶችና አባቶች ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛናቸውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያደርጉ ከመውደቅ ይጠብቃቸዋል። ለዚህም የቤት ወንበር ይበቃል፤ መደገፊያውን ይዘው በአንድ እግር አሥር እስኪቆጥሩ መቆም፣ ከዚያም እግር መለወጥ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገባቸው ቢቆም ደግሞ ይበልጥ ይደፍራሉ።