ሦስት ምንጮች፣ አንድ መጋጠሚያ፦ በቧንቧ መረብ ውስጥ የፍሰትና የከፍታ ስሌት

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቧንቧ ስንከፍት ውኃው ይቀር ይሆን ብለን አንሠጋም። በአዲስ አበባ ግን ብዙ ወገኖቻችን ውኃ በፈረቃ እየጠበቁ በጀሪካንና በበርሜል ያጠራቅማሉ። ምክንያቱን ስንወያይ ዘወትር የምናነሣው የምንጩን ማነስ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከምንጩ ባሻገር ያለውን ጉዳይ፣ ይኸውም ውኃ በቧንቧዎች መጋጠሚያ ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል ማብራራት ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አምስተርዳም የቧንቧ ውኃ ያገኘችው በ1853 ነበር። ከባሕር ዳር የአሸዋ ኮረብቶች የተወሰደው ውኃ እስከ ከተማይቱ በር በቧንቧ ደርሶ ባልዲው በአንድ ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። በ1874 ዘ ሄግ ከአሸዋው ኮረብቶች፣ ሮተርዳም ደግሞ ከማስ ወንዝ እየወሰዱ ተከተሉ። አገሩ ሜዳ በመሆኑ ለውኃው ጉልበት የሚሰጠው ፓምፕ እንጂ ተራራ አይደለም። አዲስ አበባ በአንጻሩ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አቃቂ ሜዳ የምትወርድ ተዳፋት ከተማ ናት፤ ውኃዋም በምዕራብ ከገፈርሳ፣ በምሥራቅ ከለገዳዲና ከድሬ፣ በደቡብ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይመጣል።

በመጋጠሚያ ላይ ሁለት ሕጎች ይሠራሉ። አንደኛ፣ የሚገባው ውኃ ከሚወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ውኃ ከፍታው ከበዛበት ወደ አነሰበት ይፈሳል፤ በሰበቃ የሚያጣውም ከፍታ በፍሰቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ከፍታ ስንል በቧንቧው ላይ ቀጥ ያለ ክፍት ቱቦ ብናቆም ውኃው የሚደርስበትን ልክ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ያለው ከፍታ ለሁሉም ቧንቧዎች አንድ ነው፤ የምንፈልገውም እርሱን ነው።

ለምሳሌ የውኃ ልካቸው 100፣ 85 እና 59 ሜትር የሆኑ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ገንዳዎች በሦስት ተመሳሳይ ቧንቧዎች ይገናኙ እንበል። በእያንዳንዱ ቧንቧ ውስጥ 10 ሊትር በሴኮንድ ሲፈስ 1 ሜትር ከፍታ ይጠፋል። በመጀመሪያ የመጋጠሚያውን ከፍታ 85 ሜትር ብለን እንገምት። ያን ጊዜ ከለ ምንም አይፈስም፤ ከሀ 38.7 ሊትር ይገባል፣ ወደ ሐ 51 ሊትር ይወጣል። የሚወጣው ስለበለጠ ግምታችን ዝቅ ማለት አለበት። 84 ሜትር ብንል ከሀ 40፣ ከለ 10 ሊትር ይገባል፤ ወደ ሐ 50 ሊትር ይወጣል። ሚዛኑ ሞላ።

አሁን ሐ ዝቅ ያለ ሰፈር የሚያጠጣ ገንዳ ነው እንበል፤ ሌሊት ሲሞላ መግቢያው ይዘጋል። ያን ጊዜ ውኃው ከሀ ወደ ለ ይዞራል፤ ፍሰቱ 27.4 ሊትር፣ የመጋጠሚያውም ከፍታ 92.5 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ከመጋጠሚያው በቀጭን ቧንቧ የሚጠጣ በ88 ሜትር ላይ ያለ ቤት ቀን ደርቆ ይውላል፣ ሌሊት ግን ውኃ ያገኛል። እኩለ ሌሊት ተነሥታ ባልዲ የምትደቅን እናት የምትጠብቀው ይህንኑ የከፍታ ለውጥ ነው።

ወደ ሐ ሁለተኛ ተመሳሳይ ቧንቧ ቢጨመርስ? የመጋጠሚያው ከፍታ ከ84 ወደ 75 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቀን ውኃ ያገኝ የነበረው በ80 ሜትር ላይ ያለ ቤትም ይደርቃል። በመልካም ሐሳብ ለአንዱ ሰፈር የተዘረጋ መስመር ለሌላው ጥማት ሊሆን ይችላል።

መጋጠሚያው በሺህ ሲቆጠር በእጅ መገመት አይቻልም። አሜሪካዊው ሃርዲ ክሮስ በ1936 ስሕተቱን ደረጃ በደረጃ የሚያርም ዘዴ አቀረበ፤ ዛሬ በ1993 የወጣውን ኢፓኔት የመሳሰሉ ፕሮግራሞች መረቡን በአንድነት ይፈቱታል። ሕጎቹ ግን እነዚያው ሁለቱ ናቸው።

የኔዘርላንድ ከተሞች በሚያሠራጩት ውኃ ውስጥ የክሎሪን ቅሪት አለማኖራቸው የሚቻለው ግፊቱ ስለማይቋረጥ ጭምር ነው። ግፊት ሲጠፋ ቆሻሻ በቧንቧው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ ፈረቃ የጤና ጉዳይም ነው። ተዳፋት ከተማን በከፍታ ቀጣና መክፈል፣ ለየቀጣናው የራሱን ገንዳ መስጠትና ፍሳሽን መግታት አዲስ ግድብ ከመገንባት እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል። በሮተርዳምና በዘ ሄግ መካከል በምትገኘው ዴልፍት ከ1957 ጀምሮ ይህን ሙያ የሚያስተምር ተቋም አለ፤ ለአገራችን ልናበረክት ከምንችለው አንዱ ይህን ስሌት በቋንቋችን ማስረዳት ነው።