ያውቁ ኖሯል? ተቃጥሎ በፍርድ ቤት የረታው ልብ ወለድ

አንድ የወጣቶች የፍቅር ልብ ወለድ በአደባባይ ከተቃጠለ በኋላ፣ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ትምህርት ቤት መደርደሪያ መመለሱን ያውቁ ኖሯል?

መጽሐፉ የአሜሪካዊቷ ደራሲ የናንሲ ጋርደን «አኒ ኦን ማይ ማይንድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ በኒውዮርክ ከተማ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በአጋጣሚ ተገናኝተው የሚፋቀሩ የሁለት የ17 ዓመት ልጃገረዶችን ታሪክ ይተርካል። ሊዛ አርክቴክት፣ አኒ ደግሞ ዘፋኝ የመሆን ሕልም አላቸው።

በ1993 መጽሐፉ በካንሳስ ሲቲ አካባቢ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች በስጦታ ሲታደል፣ ተቃዋሚዎች አንዱን ቅጂ በከተማዋ የትምህርት አስተዳደር ሕንጻ ደጃፍ ላይ በእሳት አጋዩት። በካንሳስ ግዛት የምትገኘው የኦሌቴ ከተማ የትምህርት አስተዳደርም ስጦታውን አልቀበልም ከማለት አልፎ፣ ቀድሞ በቤተ መጻሕፍቱ የነበረውን ቅጂ ጭምር አስወጣ።

በዚህ ጊዜ ተማሪዎችና ወላጆች ክስ መሠረቱ። ደራሲዋ ራሳቸው ቀርበው መሰከሩ። ዳኛ ቶማስ ቫን ቤበር በኅዳር 1995 በሰጡት ፍርድ፣ መጽሐፉ የተነሣው በያዘው ሐሳብ ጥላቻ በመሆኑ ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል አሉ፤ ወደ መደርደሪያውም እንዲመለስ አዘዙ።

ናንሲ ጋርደን በ2003 ለወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ላበረከቱት አስተዋፅኦ የማርጋሬት ኤድዋርድስን ሽልማት ተቀበሉ። በ2014 በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።