ምልክት የተማረው ቺምፓንዚ ኋላ የማን ነው?

የብዙ አገር ዲፕሎማቶች ከሚኖሩበት ከናይሮቢው የሩንዳ ሰፈር አጠገብ፣ ጊጊሪ በሚባለው ስፍራ፣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። ይህ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ2001 ዓ.ም. ቺምፓንዚን፣ ጎሪላን፣ ቦኖቦንና ኦራንጉታንን ከጥፋት ለማዳን የሚተጋ ኅብረት እንዲቋቋም አደረገ። እነዚህ ጅራት የሌላቸው ናቸው፤ በስሜን ተራሮች የምናውቀው ጭላዳ ከሌላ ወገን ነው። ስለሚኖሩበት ደን ብዙ ይነገራል፤ ከደን ወጥተው ቋንቋ እንዲማሩ ስለ ተደረጉት ግን የሚሰማው ጥቂት ነው።

ቺምፓንዚ የሰውን ድምፅ ማውጣት ስለማይችል፣ ጋርድነር የሚባሉ ባልና ሚስት ሊቃውንት በ1966 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኔቫዳ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በሕፃንነቷ የተያዘችውን ዋሾን መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚግባቡበትን የእጅ ምልክት ያስተምሯት ጀመር። ከመቶ በላይ ዐወቀች ተባለ። ቀጥሎም በ1973 ዓ.ም. የተወለደው ኒም ገና በሳምንታት ዕድሜው ከእናቱ ተነጥቆ በኒው ዮርክ በሰው ቤት አደገ። የጥናቱ መሪ ፕሮፌሰር ኸርበርት ቴረስ ግን፣ ኒም ምግብ ለማግኘት አስተማሪዎቹን ይመስላል እንጂ ዐረፍተ ነገር አይሠራም ሲሉ በ1979 ዓ.ም. ጻፉ። ክርክሩ ለሊቃውንቱ ይቆይ። ኒም በ1982 ዓ.ም. ክትባት ለሚሞከርበት ላቦራቶሪ ተሸጠ፤ ሕዝብ ስለ ጮኸለት ወጥቶ በቴክሳስ ተጠለለ፤ በ2000 ዓ.ም. በ26 ዓመቱ ሞተ።

የሉሲ ታሪክ ይብሳል። (ከእኛዋ ድንቅነሽ ጋር በስም ብቻ ትገናኛለች።) በኦክላሆማ እንደ ልጅ አድጋ፣ በማዕድ ተቀምጣ በልታ፣ ምልክትም ተምራ፣ በጎለመሰች ጊዜ ስላስቸገረች በ1977 ዓ.ም. ወደ ጋምቢያ ተወሰደች። ቅጠል መልቀም አልሆነላትም፤ ምግብ የምትለምነው በዚያው በተማረችው ምልክት ነበር። ጃኒስ ካርተር የተባሉ አሜሪካዊት ለጥቂት ሳምንታት ብለው ሄደው ዓመታት አብረዋት ቆዩ። ሉሲ በ1987 ዓ.ም. ሞታ ተገኘች።

ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው በደሉ በማስተማሩ ብቻ አይደለም። ቺምፓንዚ በሰው እጅ ሃምሳ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ የምርምር ገንዘብ ግን በጥቂት ዓመት ያልቃል። ፈቃድ የሚሰጠው ባለ ሥልጣን ስለ ምልክቱ ቁጥር ከመጠየቁ በፊት ስለ እንስሳው ጡረታ ሊጠይቅ በተገባው ነበር።

ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ በናንዩኪ አጠገብ በኦል ፔጄታ፣ ስዊትዋተርስ የሚባል መጠለያ በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከቡሩንዲ ጦርነት የሸሹ ቺምፓንዚዎችን ተቀብሏል። ቺምፓንዚ የኬንያ ደን ተወላጅ ስላልሆነ በዚያ አገር ዱር ሊለቀቁ አይችሉም፤ ስለዚህ ቀለባቸውና ሐኪማቸው ሳይጓደል እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ይኖራሉ።