ሊላጥ የሚቀባ

እ.ኤ.አ. በ1980 ለእይታ በበቃው «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» የተሰኘ የስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ ቦባ ፌት የሚባል፣ ለገንዘብ ሲል ተፈላጊ ሰዎችን እያሳደደ የሚይዝ ገጸ ባሕርይ አለ። የሚናገረው ጥቂት ነው። ፊቱም ከራስ ቁሩ ወጥቶ አይታይም። ቁሩ ግን ብዙ ያወራል። ግንባሩ ላይ ሰርጉዷል፣ ጠርዙ ተፋፍቋል፣ አረንጓዴው ቀለም በተላጠበት ቢጫ ብቅ ይላል፣ ሌላው ጋ ደግሞ ብረት ያብለጨልጫል። ሰውየው ስንት ጠብ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ተመልካቹ ሳይነገረው ይገባዋል።

ብረት የመሰለው ግን ብረት አይደለም፤ ፋይበርግላስ ነው። ራልፍ ማክኳሪና ጆ ጆንስተን ልብሱን ሲነድፉ መጀመሪያ ሁለንተናው ነጭ ነበር። ኋላ ጆንስተን ቀለም ቀባውና ከየቦታው ተለቃቅሞ የተገጣጠመ፣ ዘመን የጠገበ ትጥቅ አስመሰለው።

ያንን ቁር ዛሬ ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በየሀገሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተውን 501ኛው ሌጌዎንን የመሳሰሉ የፊልሙ አፍቃሪዎች ማኅበራት ለአባላት አልባሳት ዝርዝር መስፈርት አላቸው፤ ጥንቁቅ ሠሪ ደግሞ ከፊልሙ ፎቶግራፍ ጋር እያስተያየ እያንዳንዷ ልጣጭ በቦታዋ እንድትገኝ ይደክማል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ብረት ሆኖ የማያውቅ ዕቃ እንዴት ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል?

ቀላሉ መንገድ አረንጓዴው ላይ በቀጭን ብሩሽ ብርማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ማድረግ ነው። ከሩቅ ያስኬዳል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ይነቃበታል፤ «ብረቱ» ከቀለሙ በላይ ተቀምጧልና። በእውነተኛ ዕቃ ላይ ብረት ከታች፣ ቀለም ከላይ ነው። ቀለሙ ሲነሳ ቦታው ዝቅ ይላል፣ ዙሪያውን በጥፍር ሲነካ የሚሰማ ስስ ደረጃ ይቀራል፤ ብርሃን ሲያርፍባት ያች ደረጃ ቀጭን ጥላ ትጥላለች። ዓይን የሚፈልገው ያችን ጥላ ነው።

ስለዚህ ሠሪው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ አለበት፦ መጀመሪያ ብረቱን መቀባት፣ ቀጥሎ መሸፈን፣ በላዩ አረንጓዴውን መቀባት፣ በመጨረሻ ሽፋኑን ማንሳት።

መሸፈን ሲባል መኪና ጋራዥ ውስጥ ሲቀባ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። መስታወቱ በጋዜጣና በፕላስተር ይሸፈናል፣ ቀለሙ ይረጫል፣ ጋዜጣው ይነሳል። ፕላስተር ግን የሚያምርበት ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነው። የምስር ፍሬ የማታክል፣ ጠርዟ የተቆራረሰ ልጣጭን በፕላስተር ቅርጽ ማውጣት የሚታሰብ አይደለም። ለእሷ የሚሆነው በብሩሽ የሚቀባ ፈሳሽ መሸፈኛ ነው፤ በባለሙያዎቹ ዘንድ ማስኪንግ ፍሉይድ ይባላል።

ጠርሙሱ ሲከፈት ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አሞኒያ። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ዛፍ ወተት ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ የሚንጠባጠበውን ነጭ ወተት ያየ ሰው መልኩን ለመገመት አይቸገርም። ትውልዱ ከአማዞን ደን የሆነው የጎማ ዛፍ ሲበጣ የሚወጣው ወተት፣ ውኃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የጎማ ቅንጣቶች ያሉበት ነው። ዝም ብለው ቢተዉት ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡትና እንደ እርጎ ይረጋል፤ አሞኒያ የሚጨመርበት እንዳይረጋ ነው። በስሱ ሲቀባ ግን ውኃውም አሞኒያውም ይተናሉ፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ሽፋን ይሆናሉ። ቀለም አያሳልፍም፤ በጣት ሲታሽ ግን ተጠቅልሎ ይነሳል።

ጎማ ከሠዓሊ ጠረጴዛ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎማ የእርሳስ ምልክት እንደሚያጠፋ ጽፏል፤ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ላጲስ የዚያ ዘር ነው። ላጲስ የተሠራውን ያጠፋል፣ ማስኪንግ ፍሉይድ ደግሞ ገና ያልተሠራውን ይከለክላል። የውኃ ቀለም ሠዓሊዎች የጀልባ ሸራ ወይም የማዕበል አረፋ ሲሥሉ የወረቀቱ ንጣት የሚተርፍላቸው በእሱ ነው። የቁርና የሞዴል ሠሪ የሚያስተርፈው ግን ወረቀት ሳይሆን ብርማ ቀለም ነው። ፈሳሹ የት እንደተቀባ እንዳይጠፋ አምራቾቹ ብዙ ጊዜ ቀለም ይጨምሩበታል፤ ሃምብሮል «ማስኮል» ብሎ የሚሸጠው ሐምራዊ ነው፣ ዊንዘር ኤንድ ኒውተን ለሠዓሊዎች ከሚያቀርባቸው አንዱ ቢጫ ቀመስ ነው።

ሥራው ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ይሄዳል። ቁሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ፣ ፕራይመር የሚባለው የመሠረት ቀለም ተቀብቶ፣ ብርማው ቀለም ይረጭበታል። ከዚያ ትዕግሥት ነው፤ ብርማው እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት። ሠሪው ርካሽ ብሩሽ ያነሳና ጸጉሩን ፈሳሽ ሳሙና ያስነካዋል። ያለ ሳሙና ከሆነ ጎማው ጸጉሮቹ መካከል ይደርቅና ብሩሹ ለዘለዓለም ይሰናበታል። ጠርሙሱን አይወዘውዝም፤ የተወዘወዘ ፈሳሽ አረፋ ያወጣል፣ አረፋው ሲፈነዳ በሚተወው ቀዳዳ ቀለም ሾልኮ ይገባል። ሰፋ ያለውን ልጣጭ በብሩሽ፣ ጭረቱን በስንጥር ጫፍ፣ የጠርዙን ፍቅፋቂ ደግሞ በተቦጨቀ ስፖንጅ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ያወጣዋል። የተቦጨቀው ስፖንጅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሰው እጅ ሳያስበው ነጠብጣቦችን እኩል እኩል ይደረድራል፣ ስፖንጅ ግን ሥርዓት አያውቅም።

ሽፋኑ ሲደርቅ ቢጫው ይረጫል። ብረት ሳይደርስ ቢጫው ላይ መቆም ያለበት ልጣጭ ካለ እሱም በተራው ይሸፈናል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሽፋን ዙሪያ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ ነው። በመጨረሻ አረንጓዴው ይመጣል። ያን ጊዜ ቁሩ እንደ አዲስ ዕቃ ወጥ አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል፤ የተለፋበት ሁሉ የጠፋ ይመስላል። ከዚያ በአውራ ጣት ይታሻል። አንዱ ነጠብጣብ ይነሳና ብር ብቅ ይላል፣ ዙሪያውን ቢጫ ክፈፍ፣ ከዚያ አረንጓዴ።

ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ይኸው ብልሃት በትንሹ ይሠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ጦር ከተጠቀመባቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው ካዋሳኪ ኪ-61 ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ገላቸው እንዳለ ሆኖ ከፋብሪካ ወጥተው አረንጓዴውን ቀለም የተቀቡት ጦር ሜዳ ነበር። ከሥር ፕራይመር ስላልነበረው ቀለሙ በጸሐይና በዝናብ እየተገሸለጠ ይወርድ ነበር። ሞዴሉን የሚሠራ ሰው ፈሳሹን የትም አይረጨውም፤ አብራሪው በሚረግጥበት የክንፍ ሥርና መካኒኩ በየጊዜው በሚከፍተው የሞተር ክዳን ላይ ያበዛዋል።

ጥፋቱም በዚያው መጠን ነው። ብርማው በደንብ ሳይደርቅ የተሸፈነ እንደሆነ ጎማው ሲነሳ ብርማውንም ይዞት ይመጣል። አረንጓዴው ወፍሮ ከተቀባ ጎማውን እንደ ድልድይ ይሻገረውና ሲነሳ ከታሰበው በላይ ተቀዶ ይወጣል፤ ቀለሙን ስስ ስስ አድርጎ መርጨት፣ ትልልቆቹን ሽፋኖችም ጠርዛቸውን በምላጭ ነካ አድርጎ ማንሳት የሚመከረው ለዚህ ነው። ቸኩሎ በጸጉር ማድረቂያ ማሞቅም፣ ሽፋኑን ለሳምንታት መርሳትም ውጤታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ጎማው ሙጭጭ ይላል። መዳብና ናስ ላይ አይቀባም፣ መዳብ ጎማን ያበላሻልና። እንጨትና ወፍራም ጨርቅን የመሰለ ፈሳሽ የሚመጥ ነገርም በቀለም በደንብ ካልታሸገ ጎማውን ወደ ውስጥ ስቦ ያስቀረዋል። የጎማ ወተት ቆዳቸውን የሚያስቆጣቸው ሰዎች ከነጭራሹ መራቅ አለባቸው፤ ሌላውም ሰው ቢሆን መስኮት ሳይከፍት ባይሠራ ይሻለዋል።

ጠርሙሱን ያላገኘ ሰው ወደ ጓዳ ይገባል። ሞዴል ሠሪዎች ብርማውን በውኃ አርሰው ጨው ይነሰንሱበታል፣ ቀለም ይረጩና ሲደርቅ ጨዉን ይጠርጋሉ፤ ዝገት የበላው ታንክ በዚህ ያምራል። የአልባሳት ሠሪዎች ደግሞ ሰናፍጭ ወይም የጥርስ ሳሙና በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉና ቀለሙ ሲደርቅ በውኃ ያጥቡታል። ርካሽ ነው፣ ብሩሽም አያበላሽም። ልጣጯ በፎቶግራፉ ላይ ባለችበት ቦታና ቅርጽ እንድትወጣ ሲፈለግ ግን እጅ ተመልሶ ወደ ጎማው ወተት ይሄዳል።

ከቁሩ ላይ የሚነሳው ጎማ አይጣልም። ሠሪው ፍርፋሪውን በጣቱ እያድበለበለ ያጠራቅመዋል፤ አንድ ጎኑ አረንጓዴ፣ አንድ ጎኑ ቢጫ የሆነ እንክብል ይወጣዋል። ጎማ ጎማን ይይዛልና ያችን እንክብል ቁሩ ላይ እንደ ላጲስ ሲያሻት ዓይን ያላያቸው፣ ከጠርዙ ሥር የተሸጎጡ ቁርጥራጮች እየተነቀሉ ይጣበቁባታል። ሌላ የሚነሳ ነገር ሲጠፋ ቁሩ ደብዛዛ መከላከያ ቀለም ይረጭበትና ይሰቀላል።