በረኛው በእግሩም ይጫወታል

ደብረ ብርሃን ላይ በረኛ የሚያሠለጥን ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው እጅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ልምምድ የገባ ልጅ ጣቱ ይደነዝዛል፤ ከጓንቱ ያመለጠች ኳስ ደግሞ የአጥቂ ሲሳይ ናት። ስለዚህ በረኛ በእግሩ መጫወት ይኖርበት እንደሆን ሲነሣ ባልደረቦቼ «መጀመሪያ ይያዝ» ይላሉ። እኔም እንደዚያው እላለሁ፤ ግን እዚያ ላይ አላቆምም።

ሕጉም አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1992 የራሱ ተጫዋች ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። በ2019 ደግሞ የመልስ ምቱን ጓደኛው እዚያው ቅጣት ክልል ውስጥ እንዲቀበለው ተፈቀደ።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ያየነውን አልረሳም። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ስንጫወት፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ ከክልሉ ወጥቶ ኳስ ሊያርቅ ሲል ተጋጣሚውን በእግሩ መታና በቀይ ካርድ ወጣ። ልጆቹ በ10 ሰው ታግለው በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጡ። ጀማልን ለመውቀስ አይደለም፤ ደፍሮ መውጣቱ የበረኛ ወግ ነው። ግን መቼ እንደሚወጣ፣ ኳሷን በየትኛው እግር እንደሚያገኛት የሚማረው በሁለቱ ብረቶች መሀል ቆሞ አይደለም።

«ሜዳችን ጎርባጣ ነው፣ ኳስ ወደ በረኛ መመለስ አደጋ ነው» የሚሉኝ አሉ። ለኔ ግን ጎርባጣ ሜዳ የበለጠ እግር ይጠይቃል። ከአንኮበር የሚመጡ ልጆችን ስመለከት ይህ ይታየኛል፦ ተዳፋት ላይ ያደገ ልጅ ያመለጠችው ኳስ ቁልቁል ስለምትወስደው፣ ሳትደርስ ነው ሰውነቱን የሚያዘጋጀው። ለበረኛም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ኳሷ እየመጣች ሳለ በትከሻው ዞሮ አጥቂውን ይይ፣ ደረቱን ወደ ሜዳው ከፈት ያድርግ፣ ከአጥቂው በራቀው እግሩ ይቀበል። ከዚያ አጭር ይስጥ ወይም ያርቅ፤ ምርጫው የሱ ነው። ማራቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሌላ መላ አጥቶ ማራቅ ነው።

ዋና አሠልጣኞችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ቅብብል ሲጀመር በረኞቹን «ወደ ጎላችሁ ሂዱ» ብላችሁ አትለዩብኝ። መሀል ይግቡ፣ ይነጠቁ፣ ይሯሯጡ። እጃቸውን ከዚያ በኋላ እኔ አሠራዋለሁ።